ሰሊጥ በሰሊጥ ላይ፦ በመተማ ቆላ የሰብል ፈረቃንና የማሳ ስብጥርን በሳተላይት ምስል መከታተል

አኅጽሮተ ጽሑፍ

በምዕራብ ጎንደር ቆላማ ወረዳዎች ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ ዋነኛ ሰብሎች ናቸው። ሰሊጥ በገበያ ተፈላጊ በመሆኑ በአንድ ማሳ ላይ ዓመት ከዓመት ተደጋግሞ የመዘራት ዝንባሌ አለው። ይህ ድግግሞሽ ምን ያህል እንደተስፋፋ ከተለመደው የናሙና ቆጠራ ማወቅ አይቻልም፤ ቆጠራው የሚመዘግበው የሰብሉን ጠቅላላ ስፋት እንጂ የእያንዳንዱን ማሳ ታሪክ አይደለምና። ይህ ጽሑፍ በነጻ የሚገኙ የሳተላይት ምስሎች ክፍተቱን እንዴት ሊሞሉ እንደሚችሉ ይመረምራል። ሦስት ነጥቦችንም ያቀርባል። አንደኛ፣ በመተማ ሰብሎቹ በግልጽ የሚለዩት በክረምቱ ልምላሜ ሳይሆን ማሳውን በሚለቁበት ጊዜ ነው። ሁለተኛ፣ የአንድ ዓመት የሰብል ስብጥር ስለ ፈረቃ ምንም ማስረጃ አይሆንም። ሦስተኛ፣ በየዓመቱ የሚፈጠር የምደባ ስሕተት በአብዛኛው ፈረቃ መስሎ ስለሚታይ ያልታረመ የሳተላይት ውጤት የአካባቢውን ሁኔታ ከእውነቱ የተሻለ አድርጎ ያሳያል።

ቁልፍ ቃላት፦ የሰብል ፈረቃ፣ የማሳ ስብጥር፣ ሰሊጥ፣ ሴንቲኔል-2፣ መተማ፣ ምዕራብ ጎንደር

1. መግቢያ

መተማ ዮሐንስ በኢትዮጵያና በሱዳን ድንበር ላይ፣ ከሱዳኗ ገላባት ጋር ፊት ለፊት የምትገኝ ከተማ ናት። ስሟን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1889 በዚሁ ስፍራ ከደርቡሾች ጋር በተደረገው ጦርነት ከወደቁት ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ነው። በዙሪያዋ ያለው ቆላ፣ ማለትም መተማ፣ ቋራና ምዕራብ አርማጭሖ፣ ዛሬ በአማራ ክልል ለገበያ ከሚያመርቱ ዋና ዋና የእርሻ አካባቢዎች አንዱ ነው። ሰሊጡ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል ወይም በሌሎች የግብይት መንገዶች አልፎ ወደ ውጭ አገር ይሄዳል፤ ማሽላው ለቤት ፍጆታና ለአገር ውስጥ ገበያ ይውላል፤ ጥጡ ደግሞ ወደ መዳመጫዎች ይሄዳል።

በእነዚህ ወረዳዎች ሰብልን ስለማፈራረቅ የሚሰጠው ምክር አዲስ አይደለም። የግብርና ባለሙያውም አርሶ አደሩም በአንድ መሬት ላይ አንድ ሰብል መደጋገም መሬቱን እንደሚያደክም ያውቃሉ። ጥያቄው ምክሩ ምን ያህል ተግባራዊ ሆኗል የሚለው ነው። አንድ ወረዳ ከማሳዎቹ ስንት እጁ ለሦስት ተከታታይ ዓመታት ሰሊጥ ብቻ እንደተዘራበት ቢጠየቅ መልሱ ግምት ይሆናል። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በየዓመቱ የሚያካሂደው የግብርና ናሙና ጥናት በዞን ደረጃ የእያንዳንዱን ሰብል የመሬት ስፋትና የምርት መጠን ያሳያል። ሆኖም በአንድ ዞን የሰሊጡም የማሽላውም ስፋት ለሦስት ዓመት ሳይለወጥ ቢቆይ ሁለት ፍጹም ተቃራኒ ነገሮች ከዚያ ቁጥር በስተጀርባ ሊኖሩ ይችላሉ። ወይ እያንዳንዱ ማሳ ሰብሉን ሳይለውጥ ቆይቷል፤ ወይ ደግሞ ማሳዎቹ ሰብል ተለዋውጠዋል። ለአፈሩ ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ በድምር ቁጥሩ ውስጥ ግን አንድ ሆነው ይታያሉ።

2. የቆላው እርሻና የፈረቃው ጥያቄ

የአካባቢው ዝናብ በአንድ ወቅት የሚወርድ ሲሆን አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይጥላል። በሜዳው ላይ በስፋት የሚገኘው ጥቁር መረሬ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ይጣበቃል፤ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ሰሊጥ ውኃ የሚተኛበት መሬት ስለማይስማማው የሚዘራበት ጊዜና ቦታ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከተዘራ በኋላ በሦስትና በአራት ወር ይደርሳል። ፍሬው እላዩ ላይ ከደረቀ ከረጢቱ ተከፍቶ ዘሩ ስለሚረግፍ ቅጠሉ ሲቢጫና ከረጢቱ ገና ሳይከፈት መታጨድ አለበት። በዚህ ምክንያት አጨዳው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተጣድፎ የሚጠናቀቅ፣ ከደጋው የሚወርዱ ብዙ ወቅታዊ ሠራተኞችን የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ፈረቃ የሚያስፈልግበት ምክንያት ከሰብሎቹ ባሕርይ ይመነጫል። ማሽላ በተደጋገመበት መሬት አቀንጭራ ይበረታል። አቀንጭራ በማሽላው ሥር ላይ ተጣብቃ ምግቡን የምትቀማ ጥገኛ አረም ስትሆን፣ አንዷ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ደቃቅ ዘሮችን ታፈራለች። ዘሮቹም በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞቱ ይቆያሉ። የአቀንጭራ ዘር የሚነቃው ሥሮች ወደ አፈር በሚለቁት ኬሚካል ነው። ከእነዚህ ኬሚካሎች የመጀመሪያው፣ ስትሪጎል የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ተለይቶ የታወቀው ከጥጥ ሥር መሆኑ ለቆላው አርሶ አደር ትርጉም አለው። ጥጥ የአቀንጭራን ዘር ያነቃል፤ ራሱ ግን አስተናጋጇ ስላልሆነ የበቀለችው አቀንጭራ የምትጣበቅበት አጥታ ትሞታለች። ስለዚህ በማሽላ መሬት ላይ ጥጥ መዝራት ዘሩን ከአፈር የማራቆት ውጤት አለው። ሰሊጥም በዚህ ረገድ በማሽላ ፈረቃ ውስጥ የሚመከር ሰብል ነው።

ሰሊጥ በሰሊጥ ላይ ሲደጋገም ደግሞ በአፈርና በተረፈ ምርት የሚተላለፉ የአጠውልግና የባክቴሪያ በሽታዎች ይጠናከራሉ። ሰሊጥ ለመሬቱ የሚተወው ተረፈ ምርት ጥቂት ስለሆነ የአፈሩ ብስባሽ ይቀንሳል። እንደ ማሾና አኩሪ አተር ያሉ ጥራጥሬዎች በፈረቃው ውስጥ ቢገቡ ናይትሮጅንን ከአየር ወደ አፈር ስለሚያስገቡ ጉድለቱን በከፊል ይክሳሉ።

ጉዳዩ ከአፈርም ያልፋል። ሰሊጥ ብቻ የዘራ ቤተሰብ የዓለም ገበያ ዋጋ በወረደ ጊዜ፣ ወይም በአጨዳ ወቅት ያለጊዜው ዝናብ በጣለ ጊዜ፣ የሚበላውን እህል የሚገዛበት ገንዘብ ያጣል። መሬቱ የደከመበት አምራችም ምርቱን ለማካካስ የሚፈልገው አዲስ መሬት ብዙ ጊዜ ጫካ ነው። የምዕራብ ጎንደር ቆላ የዕጣን ዛፍ የሚበቅልበት፣ በቋራ በኩልም ከአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ ጋር የሚዋሰን ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ መተማና ቋራ የተካሄደው ሰፈራና የንግድ እርሻው መስፋፋት በጫካው ላይ ያሳደሩት ጫና በቆዩ የሳተላይት ምስሎች ላይ በግልጽ ይታያል። ስለዚህ ነባሩ መሬት በፈረቃ ፍሬያማ ሆኖ ይቆያል ወይ የሚለው ጥያቄ ቀሪው ጫካ ይተርፋል ወይ ከሚለው ጋር የተያያዘ ነው።

3. የሳተላይቶቹ አቅም

ለዚህ ሥራ የሚውሉት ዋና ዋና ሳተላይቶች ምስላቸው በነጻ የሚገኝ ነው። የአሜሪካው ላንድሳት መርሐ ግብር የመጀመሪያውን ሳተላይት ያመጠቀው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፤ ክምችቱ ከ2008 ጀምሮ ለሁሉም በነጻ ተከፍቷል። የአሁኖቹ ላንድሳቶች ምስል በአንድ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር የሆነ መሬት ይሸፍናል። የአውሮፓው ሴንቲኔል-2 በዋና ዋና የብርሃን መስመሮቹ 10 ሜትር በ10 ሜትር ያሳያል። የመጀመሪያው በ2015፣ ሁለተኛው በ2017 ሲመጥቁ፣ ሁለቱ ተቀናጅተው አንድን ቦታ በየአምስት ቀኑ የሚያዩበት ሁኔታ ተፈጠረ። ኢትዮጵያም ኢቲአርኤስኤስ-1 የተባለችውን የመሬት ምልከታ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና አምጥቃለች።

ዝርዝርነቱ ከማሳ ስፋት ጋር ሲነጻጸር ነው ትርጉም የሚኖረው። ግማሽ ሄክታር የሆነ አራት ማዕዘን ማሳ በሴንቲኔል-2 ምስል ላይ በግምት 7 በ7 ነጥብ ይሆናል። ዳር ዳር ያሉት ነጥቦች ከጎረቤት ማሳ ጋር የተቀላቀሉ ስለሆኑ ሲወጡ 25 ንጹሕ ነጥቦች ብቻ ይቀራሉ። አምስት ሄክታር የሆነ ማሳ ግን በግምት 22 በ22 ነጥብ ሆኖ ዳሩ ከወጣ በኋላ 400 ንጹሕ ነጥቦች ይተርፉታል። በደጋው ማሳ ጠባብና የተቆራረጠ ነው። በመተማ ሜዳ ግን የአነስተኛ አርሶ አደሩ ማሳ ሳይቀር ሰፋ ያለ፣ የባለሀብቶች እርሻም በመቶዎች ሄክታር የሚቆጠር መሆኑ አካባቢውን ለሳተላይት ጥናት ምቹ ያደርገዋል።

ሳተላይቱ የሚለካው ከመሬት የሚንጸባረቀውን ብርሃን ነው። ለምለም ቅጠል ቀይ ብርሃንን ይመጣል፤ ለዓይን የማይታየውን ቅርብ ታሕተ ቀይ ብርሃን ግን በብዛት ይመልሳል። የሁለቱ ልዩነት ለድምራቸው ሲካፈል ኤንዲቪአይ የሚባለው የልምላሜ አመልካች ይገኛል። ይህ ቁጥር ለባዶ አፈር ወደ ዜሮ የሚቀርብ፣ ለለምለም ሰብል ወደ አንድ የሚጠጋ ነው። በተከታታይ ቀናት ሲለካ የማሳውን የዓመት ሕይወት፣ ማለትም ብቅለቱን፣ ሙላቱን፣ መድረቁንና መታጨዱን የሚያሳይ መስመር ይሠራል።

4. የመለያው ቁልፍ፦ የአጨዳ ጊዜ

በመተማ አንድ መሠረታዊ ችግር አለ። ሰብሉ የሚያድግበት ወቅት ሰማዩ በደመና የሚሸፈንበት ወቅት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሴንቲኔል-2 በየአምስት ቀኑ ቢያልፍም ብዙው ምስል ደመና ብቻ ይሆናል። በዚያ ወቅት ጥቂት ጥርት ያሉ ምስሎች ቢገኙ እንኳ ሰሊጡም ማሽላውም ጥጡም፣ አረም የበዛበት ጦም ያደረ መሬትም ሁሉም አረንጓዴ ነው።

መፍትሔው ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ይመጣል። ደመናው በሚገፈፍበት ጊዜ ሰብሎቹ አንድ በአንድ ማሳውን መልቀቅ ይጀምራሉ። መጀመሪያ የሚለቀው ሰሊጥ ነው። መስከረም ላይ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል፤ ታጭዶ ነዶው ሲቆም ማሳው በድንገት ወደ ጥቁር አፈርነት ይመለሳል። ማሽላው በዚያን ጊዜ ገና እሸት ነው፤ አመልካቹ በጥቅምትና በኅዳር ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ከአጨዳው በኋላም ቆሞ የሚቀረው አገዳ ለማሳው ከባዶ አፈር የተለየ ገርጣ ያለ ቀለም ይሰጠዋል። ጥጡ ደግሞ ዙሪያው ሣር ደርቆ፣ የዕጣን ዛፉም ቅጠሉን አራግፎ ሳለ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፤ ለቀማውም ወደ ታኅሣሥና ጥር ይዘልቃል። ከመስከረም 20 እስከ ታኅሣሥ 30 ባሉት 100 ቀናት ሳተላይቶቹ ወደ 20 ጊዜ ያህል ያልፋሉ። የቆላው ሰማይም በዚህ ጊዜ በአብዛኛው የጠራ ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ከሌላ አገር የተቀዳ፣ በእድገት ወቅት ጫፍ ላይ ብቻ የተመሠረተ የምደባ ዘዴ ለመተማ እንደማይስማማ ነው። የክረምቱን ክፍተት ለመሙላት ደመና የማያግደው የሴንቲኔል-1 ራዳር ያግዛል። ራዳሩ ቀለም አያይም፤ የአፈሩን ሸካራነትና እርጥበት፣ የአገዳውንም ቁመትና መጠን ይለካል። ስለዚህ መሬቱ የታረሰበትን ጊዜና ረጅሙን ማሽላ ከአጭሩ ሰሊጥ ለመለየት ይጠቅማል።

ሁለት የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው እሳት ነው። ከጥቅምት በኋላ በደረቅ ሣር ላይ የሚለኮስ እሳት የሚተወው ጠቆር ያለ መሬት ታጭዶ ባዶ ከቀረ መረሬ ጋር ሊምታታ ይችላል። ሁለተኛው ጦም ያደረ መሬት ነው። በክረምት ሣርና አረም ለብሶ በኅዳር ሲደርቅ የሚሠራው መስመር ከማሽላ መስመር ጋር ይቀራረባል። እነዚህን በምስል ብቻ መለየት አስቸጋሪ ስለሆነ የመስክ መረጃው ጦም ያደሩ መሬቶችንም ማካተት አለበት።

5. የሥራው ቅደም ተከተል

ሥራው በአምስት ደረጃዎች ሊከፈል ይችላል። በመጀመሪያ እርሻው ከጫካና ከግጦሽ ይለያል። የአውሮፓ ኅዋ ኤጀንሲ ያወጣቸው የ2020 እና የ2021 እ.ኤ.አ. የመሬት ሽፋን ካርታዎች ለመነሻ ይጠቅማሉ፤ ሰብልን ሁሉ በአንድ ስም ስለሚያጠቃልሉ ግን ከመነሻነት አያልፉም። ሁለተኛ፣ የማሳዎቹ ወሰን ይሠመራል። በሁለተኛ ደረጃ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ የተለኩ ማሳዎች ባሉበት ቦታ ልኬታው ራሱ ወሰን ይሆናል። ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ ማሳ የዓመቱ የልምላሜ መስመር ይወጣል፤ ደመናና የደመና ጥላ ያለባቸው ቀናትም ይወገዳሉ። አራተኛ፣ ሰብላቸው በመስክ የተረጋገጠ ማሳዎች ለኮምፒዩተሩ ምሳሌ ሆነው ይቀርባሉ። ራንደም ፎረስት የተባለው ዘዴ ከምሳሌዎቹ ተምሮ የቀሩትን ይመድባል። አምስተኛ፣ ውጤቱ ለትምህርት ባልዋሉ ሌሎች ማሳዎች ይፈተሻል። ፈተናው በማሳ እንጂ በነጥብ መከፋፈል የለበትም። የአንድ ማሳ ግማሽ ነጥቦች ለትምህርት፣ ግማሾቹ ለፈተና ከዋሉ ኮምፒዩተሩ ያየውን መልሶ ስለሚያይ ትክክለኛነቱ ያለአግባብ ከፍ ይላል።

በአቅም ረገድ ጉግል ኧርዝ ኢንጂንን የመሳሰሉ መድረኮች ምስሉን ወደ ግል ኮምፒዩተር ሳይወርድ እዚያው እንዲሠራ ስለሚያደርጉ ሥራው ለድኅረ ምረቃ ተማሪ የሚከብድ አይደለም። ውድ የሚሆነው አራተኛው ደረጃ፣ የመስክ መረጃው ነው። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 48ቱን አጎራባች ግዛቶች የሚሸፍን የሰብል ካርታ በየዓመቱ ለማውጣት የቻለው ጥሩ ሳተላይት ስላለው ብቻ አይደለም። አርሶ አደሮች የዘሩትን በየዓመቱ በማሳ ለይተው ለመንግሥት ስለሚያስመዘግቡ ኮምፒዩተሩን የሚያስተምር ሰፊ መዝገብ አለው። በመተማ የዚህ ምትክ ሊሆን የሚችለው የቀበሌ ግብርና ባለሙያዎች ማስታወሻና የንግድ እርሻዎች መዝገብ ነው።

6. ስብጥርና ፈረቃ የተለያዩ መለኪያዎች ናቸው

የሰብል ስብጥርን ለመለካት በብዛት የሚሠራበት የሻነን መለኪያ ነው። የእያንዳንዱ ሰብል ድርሻ በራሱ ሎጋሪዝም ተባዝቶ ይደመርና ምልክቱ ወደ ፖዘቲቭ ይለወጣል። ለምሳሌ አንድ ቀበሌ መሬቱን 50 በመቶ ሰሊጥ፣ 30 በመቶ ማሽላ፣ 20 በመቶ ጥጥ ቢዘራ መለኪያው 1.03 ይሆናል። ይህ ቁጥር ወደ ሰብል ብዛት ሲመለስ 2.8 ያህል እኩል ድርሻ ያላቸው ሰብሎች እንደማለት ነው። ሌላ ቀበሌ 90 በመቶ ሰሊጥና 10 በመቶ ማሽላ ቢዘራ 0.33፣ ማለትም 1.4 ሰብል ያህል ብቻ ይሆናል።

መለኪያው ጠቃሚ ቢሆንም የሚናገረው ስለ አንድ ዓመት ነው። ሁለት ቀበሌዎች እንበል። በመጀመሪያው አንድ ሦስተኛው መሬት ሁልጊዜ ሰሊጥ፣ አንድ ሦስተኛው ሁልጊዜ ማሽላ፣ አንድ ሦስተኛው ሁልጊዜ ጥጥ ነው። ስብጥሩ በየዓመቱ 1.10፣ በሦስት ሰብል ሊደረስበት የሚችለው ከፍተኛው ነው፤ ፈረቃው ግን ዜሮ ነው። በሁለተኛው ቀበሌ ሁሉም በአንድነት ዘንድሮ ሰሊጥ፣ ከርሞ ማሽላ፣ ከዚያ ጥጥ ይዘራሉ። ስብጥሩ በየዓመቱ ዜሮ ሲሆን ፈረቃው ሙሉ ነው። የመጀመሪያው ቀበሌ ከዋጋ መውደቅ በከፊል የተጠበቀ፣ አፈሩ ግን የተጎዳ ነው። ሁለተኛው አፈሩ የተጠበቀ፣ ለገበያ ግን የተጋለጠ ነው። ስለዚህ ሁለቱም መለካት አለባቸው፤ አንዱም የሌላው ምትክ አይሆንም።

ልዩነቱን ችላ ማለት በሕግም ላይ ይንጸባረቃል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ከ30 ሄክታር በላይ የሚያርስ አምራች ቢያንስ ሦስት ሰብል እንዲዘራ፣ ዋናው ሰብልም ከ75 በመቶ እንዳይበልጥ ለድጎማ ቅድመ ሁኔታ አድርጎ ነበር። ይህ የስብጥር እንጂ የፈረቃ ሕግ አልነበረም። ከ2023 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው አዲስ ድንጋጌ ትኩረቱን ወደ ፈረቃ አዞረ። በ2024 ደግሞ አባል አገሮች ስብጥርን በአማራጭነት እንዲቀበሉ ተፈቀደ። የአንድ ዓመት ስብጥርን ማረጋገጥ የአንድ ዓመት ምስል ይበቃዋል፤ ፈረቃን ማረጋገጥ ግን ያንኑ ማሳ ዓመታት እየተከተሉ ማየትን ይጠይቃል።

7. ስሕተት ፈረቃ መስሎ ሲታይ

በዓመታት ክትትል ውስጥ በቂ ትኩረት የማያገኝ አንድ ችግር አለ። የአንድ ዓመት የሰብል ካርታ 85 በመቶ ትክክል ቢሆን ብዙ ጊዜ ጥሩ ውጤት ተብሎ ይወሰዳል። ሦስት ዓመት ሲቀጣጠል ግን ትክክለኛነቱ 85 በመቶ ሆኖ አይቀጥልም። ስሕተቶቹ ከዓመት ዓመት የማይገናኙ ከሆነ ሦስቱም ዓመት ትክክል የመሆን ዕድሉ 0.85 ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 61 በመቶ ይሆናል። በአምስት ዓመት ወደ 44 በመቶ ይወርዳል። የየዓመቱ ትክክለኛነት 95 በመቶ ቢደርስ እንኳ የሦስት ዓመቱ 86 በመቶ ነው።

አሳሳቢው ስሕተቱ ወደ አንድ ወገን ማዘንበሉ ነው። በምሳሌ ለማየት 1,000 ማሳዎች ቢኖሩ፣ ከእነርሱም 700ዎቹ ሦስቱንም ዓመት ሰሊጥ፣ 300ዎቹ ደግሞ ሰሊጥ፣ ማሽላ፣ ሰሊጥ የተዘራባቸው ቢሆኑ፣ እውነተኛው ፈረቃ 30 በመቶ ነው። በ85 በመቶ ትክክለኛነት ከ700ዎቹ ሰሊጥ ብቻ ሆነው የሚታዩት 430 ያህል ናቸው። የቀሩት 270 ቢያንስ በአንዱ ዓመት በስሕተት ሌላ ሰብል ተብለው ስለሚመደቡ ያፈራረቁ ይመስላሉ። ከ300ዎቹ በተቃራኒው ተሳስተው ሰሊጥ ብቻ የሚመስሉት ግን ወደ 32 ብቻ ናቸው፤ ለዚህ ሁለተኛው ዓመት ብቻ ተሳስቶ ሁለቱ ትክክል መሆን አለባቸውና። በድምሩ ሰሊጥ ብቻ ሆነው የሚታዩት 462 ይሆናሉ። ካርታውም በእውነት 30 በመቶ የሆነውን ፈረቃ ወደ 54 በመቶ ከፍ አድርጎ ያሳያል።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። ይህን ካርታ የተቀበለ ወረዳ ከግማሽ በላይ አምራቾቹ ምክሩን እንደተቀበሉ አምኖ የማሾና የአኩሪ አተር ዘር አቅርቦትን ወይም የአቀንጭራ ቁጥጥርን ወደ ሌላ ቦታ ሊያዞር ይችላል። ሰሊጥ በሰሊጥ ላይ የሚዘሩት ማሳዎች ግን በካርታው ላይ በከፊል ጠፍተዋል።

ችግሩን ለመቀነስ ሦስት እርምጃዎች ይጠቅማሉ። የመጀመሪያው ለእያንዳንዱ ማሳ አንድ የሰብል ስም ብቻ ሳይሆን የእርግጠኝነቱን መጠንም መያዝ ነው። ኮምፒዩተሩ ሰሊጥ የመሆን ዕድሉ 55 በመቶ ያለውን ማሳና 97 በመቶ ያለውን በአንድ ዓይን ማየት አይገባም፤ አጠራጣሪዎቹ ‹‹ያልተወሰነ›› ተብለው ለብቻ ይቆጠራሉ። ሁለተኛው፣ ከፈተናው በሚገኘው የስሕተት ሠንጠረዥ ተመርኩዞ የማሳዎቹን ቆጠራ ማረም ነው። ሦስተኛውና ዋነኛው፣ ፈተናው በዓመት ሳይሆን በቅደም ተከተል እንዲሆን ማድረግ ነው። በመስክ የሚጠየቀው አርሶ አደር የዘንድሮውን ሰብል ብቻ ሳይሆን ያለፉትን ሁለት ዓመታትም ይጠየቃል። ከካርታው ጋር የሚነጻጸረውም ሦስቱ በአንድነት ናቸው። ስሕተቱ በየዓመቱ በአንድ ማሳ ላይ የሚደጋገም ከሆነ፣ ለምሳሌ ማሳው ሁልጊዜ አረም የሚበዛበት ከሆነ፣ ከላይ የታየው የማባዛት ስሌት አይሠራም። ያንን የሚያጋልጠው የቅደም ተከተል ፈተና ብቻ ነው።

የጊዜውም ወሰን መታወቅ አለበት። ሁለቱ ሴንቲኔል-2 ሳተላይቶች አብረው መሥራት የጀመሩት በ2009 ዓ.ም. ስለሆነ በዚህ ዘዴ በአስተማማኝነት መከታተል የሚቻለው በ2009 ክረምት ከተዘራው ሰብል ወዲህ ያለውን ነው። የላንድሳት ክምችት ወደ ኋላ ብዙ ዓሥርት ዓመታት ቢሄድም ለአንድ የአጨዳ ወቅት የሚያቀርባቸው ምስሎች ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ጫካው መቼ እርሻ እንደሆነ እንጂ በእርሻው ላይ ምን ይዘራ እንደነበር ለመናገር በቂ አይሆንም።

8. ከሰማይ የማይታየው

ምስሉ ማሳው እንዳልተፈራረቀ ቢያሳይም ምክንያቱን አያሳይም። መሬቱን ለአንድ ዓመት የተከራየ ሰው የሦስት ዓመት ፈረቃ የሚያቅድበት ምክንያት የለውም፤ ከፈረቃው የሚገኘውን ጥቅም የሚያገኘው ቀጣዩ ተከራይ ነውና። ጥጥ መዝራት የሚፈልግ ለፀረ ተባይና ለለቀማ የሚሆን ገንዘብ ያስፈልገዋል። ማሾ ወይም አኩሪ አተር የሚዘራም ዘሩን በወቅቱ ማግኘትና ገዢ መኖሩን ማወቅ አለበት። ስለዚህ ካርታው የምክር አገልግሎትን ወዴት መላክ እንደሚገባ ይጠቁማል እንጂ በአርሶ አደሩ ላይ የክስ ማስረጃ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። በማሳ ደረጃ የተለየ ካርታ ሲሰራጭም የባለይዞታው ማንነት እንዳይታወቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ለሕዝብ የሚወጣው ውጤት በቀበሌ ደረጃ የተጠቃለለ ቢሆን ይበቃል።

አካባቢው ድንበር መሆኑም በሥራው ላይ የራሱን ተጽዕኖ ያሳድራል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ መተማ የስደተኞች መግቢያ በር ሆናለች፤ ከዚያ ወዲህም በክልሉ የነበረው ግጭት የመስክ እንቅስቃሴን አክብዷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሳተላይት መረጃ የሚያመጣ ብቸኛ መንገድ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የመስክ ማረጋገጫ በቀነሰ ቁጥር የምደባው ስሕተት ስለሚጨምር፣ ስሕተቱም ፈረቃ መስሎ ስለሚታይ፣ በግጭት ዓመታት የተሠራ ካርታ ፈረቃ የበዛ መስሎ ቢታይ ከመደሰት በፊት መጠርጠር ይገባል።

9. ማጠቃለያ

መተማና አካባቢው ለሳተላይት የሰብል ክትትል ከብዙ የአገሪቱ ክፍሎች የተሻለ ምቹ ነው። ማሳዎቹ ሰፋፊ፣ ዋና ዋና ሰብሎቹ ጥቂት ናቸው፤ ደመናው የሚገፈፈውም ሰብሎቹ በተለያየ ጊዜ ማሳውን መልቀቅ በሚጀምሩበት ወቅት ነው። ምስሎቹ በነጻ ይገኛሉ። የጎደለው የማሳን ታሪክ የሚያረጋግጥ የመሬት ላይ መዝገብ ነው። እያንዳንዱ የቀበሌ ግብርና ባለሙያ በየዓመቱ ኅዳር ላይ ጥቂት ቋሚ ማሳዎችን፣ ጦም ያደሩትንም ጨምሮ፣ የሚገኙበትን ቦታና የተዘራባቸውን ሰብል በአንድ ሠንጠረዥ ቢመዘግብ፣ በሦስተኛው ዓመት ካርታው በቅደም ተከተል ሊፈተን ይችላል። ከዚያ በኋላ ‹‹ስንት ማሳ ሰሊጥ በሰሊጥ ላይ ተዘራበት›› ለሚለው ጥያቄ የስሕተቱ መጠን የታወቀ መልስ መስጠት ይቻላል። የዘር አቅርቦት፣ የአቀንጭራ ቁጥጥርና የጫካ ጥበቃ ዕቅድም በግምት ሳይሆን በዚህ መልስ ላይ ሊመሠረት ይችላል።